ወደ ብሩም ለገና አይሂዱ

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ልጄ አውስትራሊያ ውስጥ ብሩም በምትባል የወደብ ከተማ በነርስነት ተቀጥሮ ይሠራል። ለገና እንድመጣለት ይወተውተኛል። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። ከተማዋ ከሁሉም የራቀች፣ ሙቀቷም የማይቻል ነው ሲሉ ሰምቼ ፈራሁ። ደግሞ ልጄ ባሕሩ በየቀኑ ሸሽቶ ተመልሶ ይመጣል ይለኛል። እውነት ነው? ቅቤ፣ ማርና በርበሬ ላስይዝለት ወይስ ባዶ እጄን ልሂድ?
(መምህርት፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እትዬ፣ ግብዣውን ይቀበሉ፤ ቀኑን ግን ያስለውጡት። ገና በብሩም የዓመቱ ከባዱ ጊዜ ነው። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ እዚያ የዝናብና የወበቅ ወራት ናቸው። ቀን ሙቀቱ 33 እና 34 ዲግሪ ይደርሳል፤ ሌሊቱም ከ26 ብዙ አይወርድም። ቁጥሩን ብቻ ካዩት ላያስፈራዎት ይችላል፤ ጣርማ በርን አልፎ ሸዋ ሮቢት የወረደ የደብረ ብርሃን ሰው ሙቀት ምን እንደሆነ ያውቃል። አስቸጋሪው ወበቁ ነው። ጥላ ሥር ቢቀመጡም ላቡ አይደርቅም፤ እንቅልፍም ያለ ማቀዝቀዣ አይታሰብም። በዚያ ላይ ወቅቱ የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው። በ2015 ዓ.ም. የገና ሰሞን ፊትዝሮይ የተባለው ወንዝ ሞልቶ ከብሩም በስተምሥራቅ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለውን ድልድይ ሰበረው። ብሩምን ከዚያ ወገን ጋር የሚያገናኘው አውራ መንገድ ተቆረጠ፤ አዲሱ ድልድይ ተሠርቶ እስኪያልቅ አንድ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር። ልጅዎ ናፍቆት ይዞት ነው እንጂ ይህንን አያጣውም።

የሚስማማዎት የእኛ ክረምት ነው። ደብረ ብርሃን ሐምሌና ነሐሴን በጭጋግና በቁር ስትከርም ብሩም ላይ ጠብታ ዝናብ የለም ማለት ይቻላል። ቀኑ 29 ዲግሪ አካባቢ፣ ሌሊቱ 15 አካባቢ ነው፤ ማምሻውን ጋቢ ጣል አድርገው ደጅ ቢቀመጡ የሚወዱት አየር ነው። እኔ ብሆን ፍልሰታን በአገሬ ጾሜ፣ ከነሐሴ 16 በኋላ እነሳለሁ። አብዛኛውን ጊዜ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም መግቢያ አካባቢ ከተማዋ የሉል በዓሏን ታከብራለች፤ ስሙ ሺንጁ ማትሱሪ ነው፣ ጃፓንኛ ነው። እንቁጣጣሽንም ከልጅዎ ጋር ያሳልፋሉ።

ስለ ባሕሩ የነገርዎት እውነት ነው፤ ይህንን በሰፊው ልመልስልዎት። እኔ መንዝ ተወልጄ በግ ስጠብቅ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ እንጀራዬ ግን መርከብ ላይ ሆነ። የቁም ከብት በሚጭን መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ስሠራ ብሩም ደጋግመን እንቆም ነበር። የዚያ አገር ግዙፍ የከብት እርባታዎች በሬዎቻቸውን ወደ ኢንዶኔዥያ የሚልኩት ከዚያ ወደብ ነው። ሦስት ተሳቢ የቀጠለ የጭነት መኪና ከብቱን ከበረሃው ዳር እስከ መርከቡ አፍ ያመጣዋል። መርከቡ በወፍራም ገመድ ከወደቡ ጋር ታስሮ ይቆማል፤ የገመዱ ነገር ግን ሌሊትም እረፍት የለውም። ባሕሩ ሲሞላ መርከቡ ከፍ ይላልና ገመዱ መላላት አለበት፤ ሲጎድል መርከቡ ይወርዳል፣ ገመዱ እንደገና ይስተካከላል። ካልተጠበቀ ይበጠሳል። ለዚህ ብቻ ሰው ተመድቦ ያድራል።

ምክንያቱ ጨረቃ ናት። የጨረቃና የፀሐይ ስበት የባሕሩን ውኃ በቀን ሁለት ጊዜ ያነሳዋል፣ ሁለት ጊዜ ይጥለዋል። በብዙ የዓለም ዳርቻ ልዩነቱ አንድ ሁለት ሜትር ነው። በብሩም ግን የባሕሩ ወለል ወደ ውጭ ሰፊና ጥልቀቱ አነስተኛ ስለሆነ ውኃው ተከማችቶ ይመጣል፤ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበትና አዲስ በምትወለድበት ሰሞን ልዩነቱ ከ9 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ሦስት ፎቅ ያለው ቤት ጠዋት ውኃ ውስጥ ሰጥሞ ከሰዓት በኋላ ከነመሠረቱ ቢገለጥ ያህል ነው። ብሩም ከደረሱ በኋላ የቀኑን ውሎ የሚወስነው የባሕሩ የሙላትና የጉድለት ሰንጠረዥ ነው። ነዋሪው ሁሉ ያውቀዋል፤ ልጅዎ ገና ሲደርሱ እንዲያሳይዎት ይጠይቁት። መኪናውን አሸዋው ላይ አቁሞ የተዘናጋ ሰው ባሕር እንደወሰደበት በከተማው ብዙ ይወራል። ልጅዎ አሸዋው ላይ ልንዳዎት ቢል ሰንጠረዡን ሳያዩ አይሳፈሩ።

ቀኑን ሲመርጡ ታዲያ ከጨረቃ ጋር ይምከሩ። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ዘመድ ወይም ጎረቤት አያጡም፤ ጨረቃ የምትሞላበትን ሌሊት ቆጥሮ ይነግርዎታል። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት፣ ሙሉ ጨረቃ በወጣችባቸው ሁለት ሦስት ምሽቶች፣ በምሥራቅ በኩል ያለው የሮባክ ባሕረ ሰላጤ ውኃው ሸሽቶ ጭቃማ ሜዳ ይሆናል። ጨረቃዋ ብቅ ስትል ብርሃኗ በጭቃው ላይ በቀሩት ውኃዎች እየተቆራረጠ ያርፍና ከእግርዎ ሥር ወደ ሰማይ የሚወጣ ደረጃ ይመስላል። ስሙንም የጨረቃ ደረጃ ብለውታል። የከተማው ሰው ወንበሩን ይዞ ወጥቶ ያየዋል። ሁልጊዜ የሚያየው ሰው ራሱ ዝም ብሎ ሲያየው ሳይ ደስ ይለኝ ነበር።

በምዕራብ በኩል 22 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ነጭ የአሸዋ ዳርቻ አለ፤ ኬብል ቢች ይባላል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1889 ከዚያ እስከ ጃቫ ደሴት በባሕር ሥር ከተዘረጋው የቴሌግራፍ ሽቦ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ቱሪስት በግመል ያዞራሉ። ለእርስዎ ግመል ብርቅ ስላልሆነ ገንዘብዎን አያውጡበት። ይልቅ ከዳርቻው በስተደቡብ ጋንቶም ወደሚባለው ቀይ ዐለት ባሕሩ በጎደለበት ሰዓት ይሂዱ፤ የዛሬ 130 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የነበሩ ዳይኖሰሮች የረገጡት ዱካ ድንጋዩ ላይ ታትሟል። የሚታየው ውኃው እጅግ ሲወርድ ብቻ ነው፤ ዐለቱ ያንሸራትታልና ልጅዎ እጅዎን ይያዝ።

መዋኘት ያምርዎት እንደሆነ አላውቅም። ከኅዳር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ግን እግርዎንም አይንከሩ። ጄሊፊሽ የሚባል፣ ውኃ መስሎ የሚንሳፈፍ መርዘኛ ፍጥረት አለ፤ ንድፊያው ሰው ይገድላል። በየዳርቻው አቼቶ አስቀምጠዋል፣ የተነደፈ ሰው እስኪታከም ቦታው ላይ የሚፈስስ ነው። አዞም አለ። አዞ በወንዝ አፍና ማንግሮቭ የሚባሉት የባሕር ዳር ዛፎች በሚበቅሉበት ጭቃ ውስጥ ይኖራል፤ ማስጠንቀቂያ የተጻፈበትን ሰሌዳ ካዩ ዳሩ ላይም አይቁሙ።

ስለ ዕቃው። እባክዎን ቅቤውን ይተዉት። ቋንጣም፣ ያልተቆላ ቡናም፣ ዘርም አይያዙ። አውስትራሊያ የከብትና የሰብል በሽታ እንዳይገባባት ፍተሻዋ እጅግ ጥብቅ ነው፤ ፍተሻው የሚሆነው መጀመሪያ በሚያርፉበት በፐርዝ አየር ማረፊያ ነው። ማር ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለው፦ ብሩም ያለችበት የምዕራብ አውስትራሊያ ክልል ከራሷ ከአውስትራሊያ ሌሎች ክልሎች እንኳ ማር አያስገባም፤ ንቦቹን ከበሽታ ሊጠብቅ ነው። በርበሬና ሽሮ ከያዙ በደንብ አሽገው፣ በአውሮፕላኑ ውስጥ በሚሰጠው ቅጽ ላይ ምግብ ይዣለሁ ብለው ይሙሉ። ተመዝግቦ የተከለከለ ነገር ይወሰዳል እንጂ አያስቀጣም፤ ደብቀው ቢገኙ ግን ቅጣቱ ከባድ ነው። ጫማዎን ከጭቃ አጥበው ይግቡ፤ አፈር የተጣበቀበት ጫማ ያስቆማል። ለልጅዎ ስጦታ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ እንዳይዙ፤ እዚያ ሣጥን ያሞቃል። ቀጭን ሸማ ይስጡት። ለራስዎም የአገር ልብስና ነጠላ ከማንኛውም ልብስ ይሻልዎታል፤ ፀሐይዋ ትልጣለችና ሰፊ ባርኔጣ ይጨምሩበት።

መንገዱ ረጅም ነው። ከአዲስ አበባ በዱባይ ወይም በዶሃ አድርገው ፐርዝ ይገባሉ፤ ከፐርዝ ብሩም በመኪና ከ2,200 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይበራሉ። ፐርዝ አንድ ሌሊት ይደሩ። የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ አለ፣ እንጀራም አያጡም። የብጫ ወባ ክትባት ካርድዎን ከፓስፖርቱ ጋር ይያዙ፤ ከእኛ አገር ለሚሄድ ሰው ይጠየቃል። ቪዛው የሚጠየቀው በኢንተርኔት ነው፤ ልጅዎ ይሙላልዎት። የጤና መድን ሳይገዙ ግን በምንም ምክንያት አይነሱ። ብሩም ሆስፒታል አለ፤ ከባድ ሕመም የያዘው ሰው ግን በአውሮፕላን ወደ ፐርዝ ይወሰዳል፣ የእንግዳ ሰው ወጪም ከኪሱ ነው። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ የሐኪም ወረቀት ያስጽፉ።

ሁለት ቦታ ሳያዩ እንዳይመለሱ ግን አደራ እላለሁ። አንደኛው የጃፓኖች መቃብር ነው፤ ከዚህ በታች ለሌላው ጠያቂ ስመልስ እመጣበታለሁ። ሁለተኛው ባሕሩ እጅግ ሲጎድል በሮባክ ባሕረ ሰላጤ ጭቃ ላይ የሚገለጠው የአውሮፕላን ስብርባሪ ነው። የካቲት 24 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ እኛ ነጻነታችንን ካስመለስን ዓመት ሳይሞላ፣ የጃፓን ተዋጊ አውሮፕላኖች ብሩምን ደበደቡ። ባሕሩ ላይ ያረፉት፣ በራሪ ጀልባ የሚባሉት አውሮፕላኖች ከጃቫ የሸሹ የሆላንድ ሴቶችና ሕፃናት ተሳፍረውባቸው ነበር። ቢያንስ 88 ሰው ሞተ። እርስዎ መምህርት ነዎት፤ ጦርነት እስከዚያች ሩቅ ዳርቻ መድረሱን ለልጅ ልጆችዎ ቢነግሩልኝ እወዳለሁ።

ጥያቄ፦ በብሩም ባሕር ውስጥ ሉል እንደሚገኝ በኢንተርኔት አየሁ። ጠልቆ የሚያወጣ ሰው ሀብታም ይሆናል ይባላል። ርካሽ ሉልስ ይገዛል?
(ወጣት፣ ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ የአገሬ ልጅ ስለሆንክ በግልጽ እነግርሃለሁ። ብሩም የቆመችው በሉል ሳይሆን በዛጎሉ ነው። በዓለም ትልቁ የሉል ዛጎል በዚያ ባሕር ይኖራል፤ ውስጡ የሚያብረቀርቀው ገበታ ተፈልፍሎ የአውሮፓና የአሜሪካ ሸሚዝ ቁልፍ ይሠራበት ነበር። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1883 ተቆረቆረች፤ በ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ የዚህ ንግድ የዓለም ማዕከል ሆነች። ሀብታም የሆኑት የጀልባ ባለቤቶች ናቸው። መጀመሪያ ጠልቀው ያወጡት የአገሩ ተወላጆች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ተገድደው፣ ነፍሰ ጡር ሴቶችም ሳይቀሩ። ዛሬ ከተማዋ ነፍሰ ጡር ጠላቂ ሴት የሚያሳይ ሐውልት አቁማለች፤ መቆሙ ተገቢ ነው እላለሁ። ቀጥሎ የጃፓን፣ የማሌይ፣ የፊሊፒንና የቲሞር ሰዎች መጡ። አውስትራሊያ ነጭ ያልሆነ ሰው አላስገባም ባለችበት ዘመን እንኳ ለዚህ ሥራ ብቻ በሩን ከፍታላቸዋለች።

ጠላቂው ከጥልቁ ቶሎ ሲወጣ በደሙ ውስጥ የተከማቸው አየር አረፋ ይሠራና ሽባ ያደርገዋል ወይም ይገድለዋል። ከዚህ የተረፈውን አውሎ ነፋስ ጀልባውን ገልብጦ ይወስደዋል። እኔ ያልኩት የጃፓኖች መቃብር ውስጥ ከ900 በላይ ሰው አርፏል፤ ብዙዎቹ በአንተ ዕድሜ የነበሩ ናቸው። የመቃብሩ ድንጋይ ከዚያው ዳርቻ የተወሰደ፣ በጃፓንኛ የተጻፈበት ነው። በመካከላቸው ስትሄድ የልጆቻቸው ደብዳቤ ያልደረሳቸው እናቶች ይታወሱሃል። እኔ ሁልጊዜ የመንዝ እናቶች ነበሩ የሚመጡብኝ፤ ልጃቸው በረሃ ወርዶ ወሬው የጠፋባቸው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፕላስቲክ ቁልፍ ሲመጣ የዛጎሉ ንግድ ወደቀ። አሁን ያለው ሉል በእርሻ የሚበቅል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1956 ኩሪ ቤይ በሚባል ቦታ የተጀመረ። በዛጎሉ ሥጋ ውስጥ ባለሙያ ትንሽ ፍሬ ያስገባል፣ ዛጎሉ በዓመታት ውስጥ ዙሪያውን ይለብጠዋል። ሥራው የተማረ ሰውና ፈቃድ ይጠይቃል፤ ጠልቆ አውጥቶ ሀብታም የሚሆን ማንም የለም።

ርካሽ ሉል ስለመግዛት፦ ብሩም ውስጥ ርካሽ አይደለም፤ የደቡብ ባሕር ሉል የሚባለው የዚያው ባሕር ሉል በዓለም ከከበሩት ነው። መንገድ ላይ ርካሽ የሚሉህ አብዛኛው የወንዝ ሉል ወይም መስታወት ነው። ለእናትህ ስጦታ ከፈለግህ የዛጎሉ ገበታ የተቀረጸበት ጉትቻ ወይም ማበጠሪያ በመጠነኛ ዋጋ ታገኛለህ፤ ቻይናታውን ከሚባለው የከተማዋ ሰፈር ሱቆች በደረሰኝ ግዛ፣ ደረሰኙንም ጉምሩክ እስክታልፍ ያዝ።