ሁሉም ማሽን ሠሪ ከሆነ ባቡሩን ማን ይጠብቀዋል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም። አምስት ጓደኛሞች ነን። ቅዳሜ ማታ እኛ ቤት ተሰብስበን ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እንጫወታለን፤ መሪው እኔ ነኝ። አሁን አዲስ ጨዋታ ልጀምር ነው። ዓለሙ ስቲምፓንክ ነው፦ በእንፋሎት የሚሄድ ባቡር፣ የአየር መርከብ፣ የብረት ሰው፣ ከዚያ ላይ ደግሞ አስማት። ችግሩ ምን መሰለህ፣ ከአራቱ ተጫዋቾች ሦስቱ «አርቲፊሰር ካልሆንን አንጫወትም» አሉ። አራተኛው ፓላዲን ነው የሚፈልገው፤ እሱን ደግሞ ከዓለሙ ጋር አይሄድም ብዬ ልከለክለው ነው። የትኞቹን ክላሶች ላስገባ፣ የትኞቹን ልተው?
(ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፓላዲኑን አትከልክለው። ለዚህ ዓለም ከአራቱ በጣም የሚያስፈልግህ እሱ ሊሆን ይችላል። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

ለጨዋታው አዲስ ለሆናችሁ ትንሽ ልበል። ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ መሪው ታሪኩን እየተረከ፣ ተጫዋቾቹ ካራክተር፣ ማለትም የየራሳቸውን ገጸ ባሕርይ ይዘው ዳይስ እየጣሉ የሚጫወቱት ነው። ክላስ ማለት የካራክተሩ ሙያ ነው። በምን እንደሚዋጋ፣ ምን እንደሚችል፣ ምን እንደሚከብደው የሚወስነው እሱ ነው። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1974 ሲወጣ ሦስት ክላስ ብቻ ነበረው፦ ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን። ሌባው በዓመቱ ተጨመረ። አርቲፊሰር፣ ማለትም ዕቃ እየሠራ አስማት የሚያሳድርበት ባለሙያ፣ ራሱን የቻለ ክላስ ሆኖ የታወቀው በ2004 ኤበሮን ከሚባለው ዓለም ጋር ነው።

ኤበሮን ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ለጥያቄህ የሚሆን ትምህርት አለው። አሳታሚው ድርጅት በ2002 አዲስ ዓለም የሚፈጥር ካለ ይላክልኝ ብሎ ጠርቶ ከ11,000 በላይ ሐሳቦች ደረሱት፤ ያሸነፈው የኪዝ ቤከር ሐሳብ ነበር። እዚያ ባቡር አለ፣ ግን ከሰል አያቃጥልም፤ የሚነዳው በውስጡ የታሰረ መንፈስ ነው። መቶ ዓመት ገደማ የፈጀ ጦርነት ገና ማለቁ ነው። ለዚያ ጦርነት ተብለው የተሠሩ የብረትና የእንጨት ሰዎች አሉ፤ ዋርፎርጅድ ይባላሉ። ሰላም ሲወርድ በስምምነቱ ነፃ ወጡ፣ እንደነሱ ያለ ሌላ እንዳይሠራም ተከለከለ። እስቲ አስበው፤ ለውጊያ ብቻ የተሠራ ፍጡር ውጊያው አልቆበት ከተማ መሀል ቆሞ። እዚያ ዓለም ውስጥ ተዋጊ የሚለው ተራ ክላስ ስንት ታሪክ እንደሚሸከም አየህ? ክላሱ አልተቀየረም። የተቀየረው ማሽኑ በሰውየው ሕይወት ላይ ያደረገው ነው።

ስለዚህ «የትኛው ክላስ ስቲምፓንክ ይመስላል?» ብለህ አትጀምር። እያንዳንዱን ተጫዋች «ማሽኑ ለካራክተርህ ምን ሰጠው? ምንስ ወሰደበት?» ብለህ ጠይቅ። ይህን የሚመልስ ማንኛውም ክላስ ይግባ። መመለስ ያልቻለው፣ አርቲፊሰርም ቢሆን፣ ይጠብቅ።

አሁን ወደ ሦስቱ አርቲፊሰሮችህ። ለየብቻ ያዛቸውና ምኑን እንደወደዱት ጠይቃቸው። እኔ በመራኋቸው ጨዋታዎች መልሱ አንድ ሆኖ አያውቅም። አንዱ የሚፈልገው አብሮት የሚሄድ የብረት አውሬ ነው፤ እሱ እውነትም አርቲፊሰር ይሁን፣ ሦስተኛ ደረጃ ሲደርስ ባትል ስሚዝ የሚባለውን መንገድ ይያዝ፣ የብረት ጠባቂውን እዚያ ያገኘዋል። ሌላው መተኮስ ነው የወደደው። አርቲለሪስት የሚባለው መንገድ ትንሽ የአስማት መድፍ ይሰጠዋል፣ ግን ብዙ ጊዜ ጠመንጃ የያዘ ፋይተር (ተዋጊ) ልቡን ያደርስለታል። ሦስተኛው የወደደው መነጽሩን፣ የቆዳ ሽርጡንና የዘይት ሽታውን ነው። ይህ ክላስ አይደለም። ዋርፎርጅድ የሆነ ሮግ (ሌባ)፣ ወይም ቶርኖ ቤት ያደገ ዊዛርድ (አስማተኛ) ይሁን፤ መልኩ አይቀርበትም።

ሦስቱም ካልለቀቁስ? መጫወት ይቻላል፣ ግን የሚመጣውን ቀድመህ ንገራቸው። አርቲፊሰር ሁሉ ነገሩን የሚሠራው በእውቀት ነጥብ ነው። ስለዚህ ሦስት ጎበዝ ባለሙያዎች ይኖሩሃል፣ ከጣቢያው ኃላፊ ጋር ቁጭ ብሎ የሚያግባባ ግን አይኖርም። አስማቱም ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ አምስተኛ ደረጃ ላይ ዊዛርዱ የእሳት ኳስ ሲወረውር አርቲፊሰሩ ገና የሁለተኛ እርከን አስማት መጀመሩ ነው። ይህን ሳይነገረው አራት ወር ተጫውቶ ያዘነ ልጅ አውቃለሁ። አሁንም ድረስ ይቆጨኛል፣ መሪው እኔ ነበርኩና።

ፓላዲኑ። ፓላዲን ማለት መሐላ የገባ ተዋጊ ነው። መሐላው የት ይግባ ብለህ ከሆነ የእንፋሎት ዘመን እውነተኛ ታሪክ ውስጥ ፈልገው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1865 ሱልታና የምትባል የእንፋሎት ጀልባ ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ቦይለሯ ፈነዳ። የተፈቀደላት 376 ሰው ነበር። የጫነችው ከ2,000 በላይ ነው፤ አብዛኞቹ ከምርኮ ተፈተው አገራቸው የሚገቡ ወታደሮች ነበሩ። መንግሥት ለጀልባዎች በተጫነው ወታደር ልክ ይከፍል ነበር፤ ብዙ ሰው፣ ብዙ ገንዘብ። ቦይለሯ አስቀድሞ ማፍሰስ ጀምሮ ነበር፤ በደንብ መጠገን ጊዜ ይፈጃል ተብሎ ላዩን ብቻ ተለጥፎላት ወጣች። ከ1,100 በላይ ሰው ሞተ። እንግዲህ ከእንደዚያ ዓይነቱ ወንዝ ዋኝቶ የወጣ አንድ ሰው፣ «ከዛሬ ጀምሮ ማንም ለገንዘብ ብሎ ሰው ከልክ በላይ ሲጭን ዝም አልልም» ብሎ ቢምል ፓላዲን አይደለም? ሦስቱ አርቲፊሰሮች ማሽኑ እንዲፈጥን ሲሹ እሱ ጣቢያው ላይ ቆሞ ሰው ይቆጥራል። ጨዋታህ ውስጥ ጭቅጭቅ የሚነሳው፣ ታሪክም የሚወለደው እዚያ ጋ ነው።

ሌሎቹን ባጭሩ። ዊዛርድ ንድፍ አውጪ ይሁን። ሮግ የካዝና ቁልፍ ብቻ ሳይሆን የማሽን ሆድ የሚከፍት። ባርድ፣ ማለትም አዝማሪው፣ ከባቡር ባቡር ወሬ የሚያደርስ። ድሩይድን፣ ማለትም የጫካና የተፈጥሮ አስማተኛውን፣ ብዙ መሪዎች ያወጡታል፤ እኔ አላወጣም። ጫካው ለማገዶ ያለቀበት ሰው ማሽኑ የወሰደበትን ከማንም በላይ ያውቃል።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምጽፈው። ጠመንጃ ያለበት ዓለም ነው የምንጫወተው። እኔ ቀስተኛ ነኝ፣ ሬንጀር። የልጅነት ጓደኛዬ ደግሞ ባለ ጠመንጃ ነው፤ እሱ አንዴ ሲተኩስ የኔ ቀስት መጫወቻ ይመስላል። ክላስ ልቀይር ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ ክላስሽን አትቀይሪ፣ ሕጉን እዩት። በአምስተኛው እትም የመሪው መጽሐፍ ውስጥ ሙስኬት በአሥራ ሁለት ጎን ዳይስ ነው የሚጎዳው፣ ረጅሙ ቀስት በስምንት ጎን። እዚህ ላይ ጓደኛሽ ይበልጥሻል። ነገር ግን ሙስኬቱ የማጉረስ ሕግ አለበት፤ በአንድ እርምጃ አንድ ጥይት ብቻ። ከአምስተኛ ደረጃ ጀምሮ አንቺ በአንድ ተራ ሁለቴ ስትወረውሪ እሱ አንዴ ነው። መሪያችሁ ይህን ረስቶት ይሆናል፣ በጣም የሚረሳ ነገር ነው። ማጉረሱን የሚያስቀር ገነር የሚባል ልዩ ችሎታ አለ። ጓደኛሽ እሱን ወስዶ ከሆነ ዋጋ ከፍሎበታልና ይገባዋል፤ ሳይወስድ ከሆነ ግን መሪውን አናግሪው።

ፓዝፋይንደር የሚባለው ተመሳሳይ ጨዋታ ሁለተኛው እትም ይህን በተሻለ መንገድ የፈታው ይመስለኛል። በ2021 ገንስሊንገርና ኢንቬንተር የሚባሉ ሁለት ክላሶች አወጣ። እዚያ ጠመንጃ እንደነገሩ ሲመታ ጉዳቱ ትንሽ ነው፣ አናት ላይ ሲያገኝ ግን ያደቃል፤ ስለዚህ ገንስሊንገር ከሌላው ይልቅ አነጣጣሪ ሆኖ ተሠራ። ኢንቬንተሩ ደግሞ የራሱን ፈጠራ ከአቅም በላይ ሲያሠራው ዳይስ ይጥላል፤ ካልወጣለት ማሽኑ ይበላሽና አሥር ደቂቃ ቁጭ ብሎ መጠገን አለበት። ይህን በጣም ነው የምወደው። መኪና ወይም ጄነሬተር ያለው ሰው ስሜቱን ያውቀዋል።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ጠመንጃ ይጮኻል፣ ቀስት አይጮኽም። ለመሪሽ ይህን ብቻ አስታውሺው። ዘበኛ ባለበት ቦታ ማን እንደሚቀድም ያኔ ይታያል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ ነው የተወለድኩት፣ አባቴ ምድር ባቡር ሠርተው ነው ያሳደጉን። ልጆቼ እንዲህ ያለ ጨዋታ ራሳቸው ሊፈጥሩ «አባዬ የድሮውን ንገረን» እያሉ ይጠይቁኛል። በባቡሩ ዘመን ሊሆኑ የሚችሉ ገጸ ባሕርያት የትኞቹ ናቸው? እኔ ስለ ባቡሩ እንጂ ስለ ጨዋታው አላውቅም።

መልስ፦ ጋሼ፣ ልጆችዎ ትክክለኛውን ሰው ነው የያዙት። ክላሱን እነሱ ያውቁታል፤ ከእርስዎ የሚፈልጉት ሰዎቹን ነው።

የሀዲዱ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1897 ጅቡቲ ላይ ተጀመረ። መጀመሪያ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው፤ ተራራው አስቸገረና መስመሩ ሜዳውን ይዞ ቀረ፣ በ1902 የደረሰበት ቦታ ድሬዳዋ ሆነች። አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። እዚህ ውስጥ ስንት ገጸ ባሕርይ አለ! ሀዲዱ ወደ ጎን ስላለፈው ገበያው የራቀበት የሐረር ነጋዴ አለ። ግመሉን ይዞ በረሃውን ሲያቋርጥ የኖረ የሲራራ መሪ አለ፤ ከባቡሩ በፊት መንገዱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። በጨዋታው ቋንቋ ሬንጀር ነው። ፈረንሳይኛ፣ ሶማልኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ እያቀላቀለ ጣቢያው ላይ ሁሉን የሚያግባባ አስተርጓሚ አለ፣ ባርድ ይሁን። ፉርጎ ላይ ተንጠልጥሎ ዕቃ የሚያወርድ ልጅ ሮግ ነው።

ማሽን ሠሪው ላይ ግን ልጆቹ እንዲያስቡበት ይንገሯቸው። በእኛ አገር ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው ማረሻውንና ጦሩን እየገዙ፣ ማታ ጅብ ይሆናል፣ ቡዳ ነው እያሉ የሚሸሹት ብዙ ነበሩ። ይህ ተረት ብቻ አይደለም፣ ሰዎችን ከጋብቻና ከርስት ያራቀ በደል ነው። ዐፄ ምኒልክ ባለእጅን መስደብ እንዲቀር አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ ደግሞ ለስብከት የመጡትን ሚስዮናውያን ጋፋት ላይ መድፍ እንዲሠሩ አደረጓቸው፤ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል እዚያ ቀልጦ በሰው ጉልበት መቅደላ ድረስ ተጎተተ። እንግዲህ አርቲፊሰር ማለት እነዚህ ናቸው። አንዱ ሰው የሚሸሸው ቀጥቃጭ፣ ሌላው ወንጌል ሊሰብክ መጥቶ መድፍ አቅላጭ የሆነ። የውጭው መጽሐፍ ላይ ያለው አርቲፊሰር እንዲህ ያለ ታሪክ የለውም።

ቃሉን ደግሞ ከእርስዎ አፍ ይውሰዱ። ካቻቪቴ፣ ቡሎን፣ ማርሽ፣ ፉርጎ፣ ለገሃር። አዲስ አበቤዎች መንገድ የሚደመድመውን የእንፋሎት ማሽን ባመጣው አርመናዊ በሰርኪስ ቴርዚያን ስም «የሰርኪስ ባቡር» ብለውት ነበር። ልጆችዎም ለሚፈጥሩት ማሽን ሁሉ ያመጣውን ወይም የሠራውን ሰው ስም ያውጡለት፤ ጨዋታው መሀል ማሽኑ ሲበላሽ ማን ዘንድ መሄድ እንዳለባቸው ወዲያው ያውቃሉ።