መልስ፦ አቴንስ ውስጥ ተራው ሰው በእርግጥ ሥልጣን ነበረው?

ወንድሜ፣ «የአቴንስ ገበሬ በእርግጥ አገር ይገዛ ነበር ወይስ ወሬ ነው?» ላልከው፣ በጥንቷ የግሪክ ከተማ በአቴንስ ይገዛ ነበር። ግን «ሕዝብ» የሚሉት ማንን እንደሆነ እንለይ። ሴቶች፣ ባሮችና ከሌላ ከተማ መጥተው የሚኖሩ ሰዎች ድምፅ አልነበራቸውም።

ዜጋ ለሆነው ወንድ ግን ነገሩ የዋዛ አልነበረም። የዜጎች ጉባኤ ፕኒክስ በሚባል ኮረብታ ላይ ይሰበሰባል፤ አጀንዳ የሚያዘጋጀው የ500 ሰዎች ምክር ቤት ሲሆን ከ10ሩ ነገዶች ሃምሳ ሃምሳ ሰው በዕጣ ይወጣለታል። አዎ፣ በዕጣ! ምርጫ ለሀብታምና ለስመ ጥር ሰው ያደላል ባዮች ነበሩ። የጦር አዛዦችን ግን በድምፅ ይመርጡ ነበር፤ ጦርነት በዕጣ አይሞከርማ።

እኔን የሚገርመኝ በገል ድምፅ የመስጠቱ ነገር ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን፣ ጉልበቱ ያሰጋቸውን ሰው ስም በተሰበረ ሸክላ ላይ ጭረው ያስገባሉ። ድምፁ 6000 ከሞላ፣ ስሙ የበዛበት ሰው ለ10 ዓመት ከአገር ይወጣል፤ ንብረቱ ግን አይነካም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 ሳላሚስ በተባለ ደሴት አጠገብ ፋርሶችን ያሸነፈው የጦር አዛዥ ቴሚስቶክለስ እንኳ አልቀረለትም። አክሮፖሊስ በሚባለው የአቴንስ ኮረብታ ተዳፋት ላይ ካለ አንድ የውኃ ጉድጓድ ስሙ የተጻፈባቸው 190 ገደማ ገሎች ወጥተዋል፤ የእጅ ጽሑፉ ሲታይ ግን የ14 ሰዎች ብቻ ሆነ። ጠላቶቹ ቀድመው ጽፈው ለመራጩ ሊያድሉት ያዘጋጁት ይመስላል።