በኦራቶሪዮ ድምፃዊነት እንጀራ ይበላል ወይ?

ጥያቄ፦ 22 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ጀርመን ሲሆን በቤተ ክርስቲያን ኳየር ሶፕራኖ (ከፍተኛው የሴት ድምፅ) ነኝ። የኦራቶሪዮ፣ ማለትም ኳየር፣ ኦርኬስትራና ብቸኛ ዘፋኞች መንፈሳዊ ታሪክን ያለ ትወና የሚያቀርቡበት ረጅም ሙዚቃ፣ ሶሎይስት (ብቸኛ ዘፋኝ) መሆን እፈልጋለሁ። ቤተሰቦቼ «እንጀራ አይሆንሽም» ይሉኛል። ድምፅ ማስተማርን መጠባበቂያ ላድርገው?

መልስ፦ ቤተሰቦችሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ጀርመን ውስጥ የኦራቶሪዮ ሥራ የሚታጨቀው በሁለት ወቅት ነው፤ ዲሴምበር ላይ የባኽ የገና ኦራቶሪዮ፣ ከፋሲካ በፊት ደግሞ የዮሐንስና የማቴዎስ ሕማማት። ሐምሌና ነሐሴ ስልክሽ ጭጭ ይላል። ስለዚህ ማስተማር የሙያው ግማሽ እንጂ መጠባበቂያ አይደለም። የሙዚቃ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ስታመለክቺም የድምፅ ማስተማር ዘርፍ ያለበትን ምረጪ። የመጀመሪያ ዲግሪው አብዛኛውን ጊዜ 8 ሴሚስተር ነው። በመግቢያ ፈተናው በቃልሽ ከምትዘፍኚው በተጨማሪ የሙዚቃ ንድፈ ሐሳብ፣ የጆሮ ፈተና (የሰሙትን ዜማ መለየት) እና ፒያኖ አሉ፤ ድምፃቸው ያማረ ልጆች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ፓስፖርትሽ የአውሮፓ ኅብረት ካልሆነ ክፍያውን አስቀድመሽ አጣሪ፤ ባደን ቩርተምበርግ ለምሳሌ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል።

ሶፕራኖ እንደ አሸዋ ነው፤ እንደ ቴኖር (ከፍተኛው የወንድ ድምፅ) ተፈልጎ አይታጣም። ካንቶር (የቤተ ክርስቲያኑ የሙዚቃ መሪ) ደግሞ የሚደውለው ለማታስቸግረው ነው። ማስቸገር ማለት ምን እንደሆነ «መሲሕ» በተባለው የሄንደል ኦራቶሪዮ ላሳይሽ። ሶፕራኖዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትነሣው የእረኞቹ ታሪክ ጋ ሲደረስ ነው፤ እስከዚያ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቁጭ ብላለች። ቤተ ክርስቲያኑ ይበርዳል። ሌሎቹ ሶሎይስቶች ዘፍነው ሞቀዋል፣ የእሷ ጉሮሮ ግን ቀዝቅዟል። አጫጭር ረሲታቲቮች (እንደ ንግግር የሚዘፈኑ ክፍሎች)፣ አንድ የኳየር ክፍል፣ ከዚያ ወዲያው «አንቺ የጽዮን ልጅ ሆይ፥ እጅግ ደስ ይበልሽ» የሚለው አሪያ (የብቸኛ ዘፋኝ ሙሉ ዜማ) ይመጣል። «ደስ ይበልሽ» የሚለው ቃል ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚንቆረቆሩ ፈጣን ኖታዎች አሉ። ያልሞቀ ድምፅ እዚያ ላይ ይንገዳገዳል፤ ትንፋሹም ሐረጉ ሳያልቅ ያልቃል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ኳየሩ «ሕፃን ተወልዶልናልና» ሲል አፍሽን ዘግተሽ በቀስታ አንጎራጉሪ፤ በዚያ ሁሉ ድምፅ መሐል ማን ይሰማሻል? ውሃ ተጎንጪ። ቤትሽም ስትለማመጂ 35 ደቂቃ ዝም ብለሽ ተቀምጠሽ፣ ከዚያ ተነሥተሽ በቀጥታ አሪያውን ጀምሪው። አሥር ጊዜ ሞቀሽ ከመዝፈን ይህ አንዱ ይበልጣል።

ሥራ ስትቀበዪ ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቂ። አንደኛ፣ የትኛው እትም? የክፍሎቹ ቁጥር ከእትም እትም ይለያያል፤ ይኸው አሪያም በ4/4 እና በ12/8 ሁለት መልክ አለው። ሁለተኛ፣ መሣሪያዎቹ የሚቃኙበት «ላ» የተባለው ኖታ 440 ኸርዝ ነው 415? የባሮክ (የባኽና የሄንደል ዘመን) መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ በ415 ይቃኛሉ፤ ግማሽ ድምፅ ስለሚወርድ ከታችኛው ወደ ላይኛው የድምፅሽ ክፍል የምትሻገሪበት የለመድሽው ቦታ ይለወጣል። ሦስተኛ፣ ልምምዱ መቼ ነው? ከኦርኬስትራ ጋር የምታገኚው ብዙ ጊዜ አንድ ልምምድ ብቻ ነው፤ አንዳንዴም በኮንሰርቱ ዕለት። የዚያን ቀን ሁሉንም በሙሉ ድምፅ መዝፈን የጀማሪ ስሕተት ነው፤ ለመሪው አስቀድመሽ ነግረሽ አንዱን አሪያ ብቻ በሙሉ ድምፅ ዝፈኚው።

ስታስተምሪም የሚጎዳብሽ ይኸው ድምፅሽ ነው፤ ቀኑን ሙሉ «እንደዚህ በይ» እያልሽ ካሳየሽ ማታ ጉሮሮ አይተርፍሽም። አሳጥረሽ አሳዪ፣ በቃል አብራሪ፣ በኮንሰርት ዋዜማ ትምህርት አትያዢ። ተማሪን ለማስደሰት ከአቅሙ በላይ የሆነ ትልቅ አሪያ መስጠትም ጠንቅ ነው፤ መንጋጋውና አንገቱ ተወጥሮ የያዘው ልማድ ለማላቀቅ ዓመታት ይፈጃል።

ወረቀቱን አትናቂ። በግልሽ የምትሠሪ አርቲስት ከሆንሽ ኪውንስትለር ሶትሲያልካሰ የሚባለው የአርቲስቶች ማኅበራዊ ዋስትና የጤናና የጡረታ መዋጮሽን ግማሽ ያህል ይሸፍንልሻል፤ ለመግባት የሙያው ዓመታዊ ገቢሽ በመደበኛው ከ3,900 ዩሮ መብለጥ አለበት። የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲቀጥርሽ ደግሞ ውሉን አንብቢ፤ የፌዴራሉ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 ከሰጠው ውሳኔ ወዲህ «በግል የሚሠራ መምህር» የሚባለው አሠራር በጥብቅ ይመረመራል።

የመጀመሪያ ሶሎ ግን መሲሕን አትጠይቂ። የገና ኦራቶሪዮ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ መልአኩ ለእረኞቹ «አትፍሩ» የሚልበት ረሲታቲቭ አለ፤ ጥቂት መስመር ናት፣ ከኳየር መሐል ለአንዷ ሊሰጧት ይችላሉ። ካንቶራችሁን እሷን ጠይቂያቸው፤ ዲሴምበር ሳይደርስ፣ አሁን።