«እግዚአብሔር ይመስገን» ከተባለ በኋላ

መጠይቅ ይዛችሁ ወደ ማቻከልና ጎዛምን ወረዳዎች ለምትወጡ ወጣት ባለሙያዎች፣

የደም ግፊትን መሣሪያ ይነግረናል። ሰው ከነሕመሙ እንዴት እንደሚኖር የሚነግረን ግን ራሱ ባለቤቱ ብቻ ነው። ኢኪው ፋይቭ ዲ ፋይቭ ኤል (EQ-5D-5L) የተባለው መጠይቅ ስለ አምስት ነገሮች ይጠይቃል፤ ስለ መንቀሳቀስ፣ ራስን ስለ መንከባከብ፣ ስለ ዕለት ሥራ፣ ስለ ሕመም እና ስለ ጭንቀት። እያንዳንዱ አምስት ደረጃ ስላለው 3125 ዓይነት የጤና ሁኔታ ሊመዘግብ ይችላል። በአማርኛ ተዘጋጅቷል፤ ኢትዮጵያውያን ራሳቸው የትኛው ሁኔታ ምን ያህል እንደሚከብድ ተጠይቀው የራሳችን ስሌት ወጥቶለታል። ይህ እጅግ ያስደስተኛል፤ በሰው ሚዛን መመዘን ሲያንገበግበኝ ኖሯልና።

መጠይቁ ጥሩ ቢሆንም አጠያየቁ ያበላሸዋል። ዝሆኔ እግራቸውን ያሳበጠባቸው አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል። ስለ መራመድ ሲጠየቁ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም ችግር የለብኝም» አሉ፤ መረጃ ሰብሳቢዋም የመጀመሪያው ሳጥን ላይ ምልክት አደረገች። ቡናው ቀርቦ ጨዋታ ሲመጣ ግን ገበያ መውጣት ከተዉ፣ ቤተ ክርስቲያንንም ከደጃፋቸው ሆነው መሳለም ከጀመሩ ዓመታት ማለፋቸውን አጫወቱን። መንገድ መሄዱን ስለተዉት መሄድ አላስቸገራቸውም።

የጎጃም ሰው ስለ ጤናው ሲጠየቅ አስቀድሞ ያመሰግናል። ስለዚህ ሰላምታውን በወጉ ጨርሱ፤ የቤተሰቡን፣ የከብቱን፣ የአዝመራውን ደኅንነት ጠይቁ፤ መጠይቁን ከዚያ በኋላ ክፈቱ። ጥያቄውን እንደ ተጻፈ አንብቡና ታግሣችሁ ጠብቁ። በራሳችሁ ቃል አትለውጡት፤ እያንዳንዱ ጠያቂ የመሰለውን ከጨመረበት የደንበጫው መልስ ከሞጣው ጋር አይነጻጸርም። የሚስተካከል ካለ በቅድመ ሙከራው ጊዜ ይስተካከል። ያን ጊዜ መላሹን «ይህን ስጠይቅዎ ምን አሰቡ?» በሉት፤ የተሰወረው ሁሉ የሚወጣው በዚህ ነው።

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ «ባለፉት 30 ቀናት የአካል ጤናዎ ጥሩ ያልነበረው ስንት ቀን ነው?» እያለ ይጠይቃል። እንዲህ ቀን የሚያስቆጥር ጥያቄ ሲገጥማችሁ፣ ገበሬ ቀኑን በበዓል እንደሚቆጥር አስታውሱ፤ ከጳጉሜን በቀር ከሚካኤል እስከ ሚካኤል ድፍን 30 ቀን ነው። ይህን የማስታወሻ ዘዴ በሥልጠናው ላይ አስጽፉት፤ ሁሉም ጠያቂ አንድ ዓይነት ይጠቀምበት።

የጭንቀቱን ጥያቄ አማት ወይም ባል በተቀመጡበት አትጠይቁ።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ቤቱ ያልተገኘው ሰው ነው። ጽኑ ሕመምተኛ ጠበል ገብቶ ይሆናል። «የለም» ብላችሁ ካለፋችሁት የቀበሌው አማካይ ከእውነቱ የተሻለ ሆኖ ይወጣል። ስሙን በቤተሰቡ ዝርዝር ላይ አስፍሩ፣ መቼ እንደሚመለስ ጠይቁ፣ በዚያ ቀን ተመልሳችሁ ሂዱ። ጎረቤቱን በእሱ ምትክ አትጠይቁ።