የተፈረመ ማልያ አጫርቶ ካንሰር የነካቸውን ተማሪዎች ማስተማር ያዋጣል ወይ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በማኅበራችሁ ዓመታዊ የእራት ምሽት ላይ ስፖርተኞች የፈረሙባቸውን ማልያዎችና ጫማዎች አጫርታችሁ፣ ካንሰር ታመው ለዳኑ ወይም እናት አባታቸውን በካንሰር ላጡ ልጆች የኮሌጅ ክፍያ ማገዝ አስባችኋል። «ያዋጣል ወይ? ከየት እንጀምር?» ነው ያልሽው። እኔም እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ እንዲህ ያለ ጨረታ ለዓመታት ሳስተባብር ቆይቻለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ። ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ።

አዎ፣ ያዋጣል። ግን ከዕቃው አትጀምሩ። ከተማሪው ጀምሩ።

ኮሚቴ ሲቋቋም ሁሉም መጀመሪያ የሚሮጠው ማልያ ፍለጋ ነው። እራቱ ላይ ግን ሰው ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት «ብሩ ለማን ነው የሚደርሰው?» ብሎ ይጠይቃል። መብቱ ነው። መልሱ አጭርና ቁርጥ ያለ መሆን አለበት፤ ለስንት ልጅ፣ ለእያንዳንዱ ስንት፣ በየትኛው ሴሚስተር፣ ለኮሌጁ በቀጥታ ነው ወይስ ለልጁ። ይህን ሳትወስኑ አዳራሽ አትያዙ።

በሕክምና ላይ ያለ ተማሪ እንደ ሌላው ተማሪ አይደለም። ኬሞ በሚወስድበት ሳምንት ክፍል አይገባም። ሙሉ ክሬዲት መያዝ ያቅተዋል፣ አንዳንዴም በሴሚስተሩ መሀል ያቋርጣል። ብዙ ስኮላርሺፖች ደግሞ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ካልሆንክ አይሰጡም። ስለዚህ ደንባችሁ ላይ ሁለት ነገር ጻፉ። በግማሽ ክሬዲት የሚማርም ማመልከት ይችላል። ታሞ አንድ ሴሚስተር ቢያርፍ ገንዘቡ ይጠብቀዋል። ይህ ሽልማቱ ላይ ብዙ መቶ ዶላር ከመጨመር ይበልጣል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ጉዳይ አለ። አንዳንድ ኮሌጆች ከውጭ ስኮላርሺፕ ሲመጣ ራሳቸው ይሰጡት የነበረውን እርዳታ በዚያው ልክ ይቀንሳሉ። እናንተ ለፍታችሁ የሰበሰባችሁት ብር ለልጁ ምንም ሳይጨምርለት ይቀራል ማለት ነው። ሜሪላንድ በ2017 የሕዝብ ኮሌጆቿ ይህን እንዳያደርጉ በሕግ በመገደብ ከስቴቶች ሁሉ ቀዳሚ ነበረች። ሌላ ቦታ ከሆናችሁ ቼኩን ከመላካችሁ በፊት ልጁ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮውን ያናግር። መቀነስ ካለባቸውም መጀመሪያ ብድሩን እንዲቀንሱ ይጠይቃቸው። ለትምህርት ክፍያና ለግዴታ መጻሕፍት የዋለ ስኮላርሺፕ ታክስ የለውም፤ ለቤት ኪራይና ለምግብ የዋለው ግን እንደ ገቢ ይቆጠርበታል። ይህንንም ንገሩት።

አሁን ወደ ዕቃው። የፊርማ ገበያ በማጭበርበር የተሞላ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ኤፍቢአይ ደቡብ ካሊፎርኒያ ላይ «ኦፕሬሽን ቡልፔን» በሚባል ምርመራ የያዛቸው ሰዎች የታላላቅ ስፖርተኞችን ፊርማ ቁጭ ብለው እየፈረሙ፣ ሰርተፊኬት እያያዙ ይሸጡ ነበር። ስለዚህ «ሰርተፊኬት አለው» የሚለውን ብቻ ሰምተሽ አትመኚ፣ ማን እንደሰጠው ጠይቂ። ገበያው የሚያውቃቸው ፊርማ አረጋጋጭ ድርጅቶች እንደ ፒኤስኤ፣ ጄኤስኤና ቤኬት ያሉት ናቸው። የአሜሪካ ቤዝቦል ሊግ ደግሞ ከ2001 ጀምሮ ጨዋታው ላይ የራሱን ሰው አስቀምጦ ዕቃው ላይ ቁጥር ያለው ሆሎግራም፣ ማለትም የሚያንጸባርቅ ማረጋገጫ ምልክት፣ ይለጥፋል።

ለእኛ ሯጮች እንዲህ ያለ ነገር የለም። የእኛ ማረጋገጫ ከእጃቸው መቀበል ነው። አትሌቷ ስትፈርም ፎቶ አንሱ፣ አጭር ቪዲዮ ቅረጹ፣ ቀኑን ጻፉ። ለማራቶን ሚያዝያ ላይ ቦስተን፣ ጥቅምት ላይ ቺካጎ ሲመጡ በማኔጀራቸው በኩል አስቀድማችሁ ጠይቁ። ውድድር ጨርሶ የሚንገዳገድ ሰው ፊት ማርከር ይዞ መቆም ደግ አይደለም።

ሰው ሲሻማበት ካየሁት ሁሉ የማይረሳኝ አንድ የደረት ቁጥር ነው። ወረቀት ብቻ ነው። አራቱም ጥግ ላይ የመርፌ ቁልፍ ቀዳዳ አለው፣ አንዱ ጥግ ተቀዷል። የላብ ጨው ነጭ መስመር ሠርቶበታል፣ ፊርማው ከታች ባለው ባዶ ቦታ ላይ ነው። አጠገቡ አትሌቱ ያንኑ ቁጥር ለብሶ የሚሮጥበትን ፎቶ አስቀመጥን። አንድ አባት ፊቱ ቆመው ቆዩና ለልጅ ልጃቸው «አበበ ቢቂላም ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲሮጥ 11 ቁጥር ነበር ያደረገው» አሉት። ልክ ናቸው፣ 1960 ላይ 11 ቁጥር ነበር። በዙሪያቸው የነበረው ሰው ሁሉ ዞር አለ፣ ወሬው በየጠረጴዛው ሄደ። በኋላ ዋጋውን ያስወጣው ይህ ነው። በወርቃማ ፍሬም የተሰቀለው የአውሮፓ ኮከብ ማልያ አጠገቡም አልደረሰ።

ስለ ፍሬም ካነሳን፣ «ያለ ምንም ወጪ ዕቃ ላምጣላችሁ» የሚል ነጋዴ ይደውልላችኋል። የሜሲም የጆርዳንም አለኝ ይላል። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ለራሱ መነሻ ዋጋ ይይዛል፣ ከዚያ በላይ የመጣው የእናንተ ነው። የእሱ ድርሻ 900 ዶላር ቢሆንና ማልያው በ1000 ቢሸጥ ለተማሪው 100 ይደርሳል። ገዢው ግን 1000 ዶላር ለታመመ ልጅ ሰጠሁ ብሎ ቤቱ ይገባል። እኔ ይህን አልወደውም፣ ሕጋዊ ቢሆንም። ከሃያ የነጋዴ ማልያ ሦስት በስጦታ የተገኘ ዕቃ ይሻላል። የድሮ የአበሻ ቡድኖችን ማልያም ፈልጉ። ከ1984 ጀምሮ በሰሜን አሜሪካ የስፖርት ፌዴሬሽናችን ውድድር ላይ የተጫወቱ ሰዎች ቁምሳጥን ውስጥ ብዙ ነገር አለ። ለእኛ ሰው ትርጉሙ ሌላ ነው።

አጫራቹ ወሳኝ ነው። የእኛን ቤተ ክርስቲያን ጨረታ የሚያውቅ ሰው ምረጡ። ጥላውን ያሸነፈው ሰው «መልሼ ሰጥቻለሁ፣ እንደገና ይጫረት» ሲል አዳራሹ እንዴት እንደሚሞቅ ታውቂያለሽ። ሌላውም ዓለም ያደርገዋል። ፖላንዳዊቷ ጦር ወርዋሪ ማሪያ አንድሬይቺክ በ2021 የቶኪዮ የብር ሜዳሊያዋን ለአንድ ሕፃን የልብ ቀዶ ሕክምና ብላ አጫረተች። ዣብካ የሚባለው የሱቆች ድርጅት በ125,000 ዶላር አሸነፈና ሜዳሊያውን ለራስሽ ይሁን ብሎ ተወላት። ከእሷ በፊት የአገሯ ልጅ፣ ዲስክ ወርዋሪው ፒዮትር ማላኾቭስኪ፣ የሪዮ 2016 የብር ሜዳሊያውን ለጨረታ ያቀረበው የዓይን ካንሰር የያዘው ሕፃን እናት ደብዳቤ ጽፋለት ነው። ስለዚህ አንድ ዕቃ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢሸጥ አትደንግጡ፣ ቦታ ተዉለት።

ማልያው ካለቀ በኋላ ጨረታውን አትዝጉ። በእኔ ልምድ ትልቁ ገንዘብ የሚመጣው ያኔ ነው። ኳስ የማያዩ፣ ማልያ የማይፈልጉ፣ ግን እህት ወይም እናት በዚህ በሽታ የቀበሩ ሰዎች ተቀምጠዋል። አጫራቹ ዕቃ ሳይሸጥ፣ ለስጦታ ብቻ፣ ከ1000 ዶላር ጀምሮ ወደ 500፣ ወደ 100፣ ወደ 50 እየወረደ እጅ ያስወጣ። ምግቡ ሲያልቅ፣ ሙዚቃው ሳይጀምር። ሙዚቃ ከጀመረ አበቃ።

ስለ ደረሰኝ በአጭሩ። 501ሲ3፣ ማለትም ለበጎ አድራጎት ድርጅት የሚሰጠው ከታክስ ነፃ ዕውቅና፣ ከሌላችሁ ያለው ድርጅት ጋር ተጣመሩ። እያንዳንዱ ዕቃ አጠገብ የገበያ ዋጋውን ጻፉ። 400 የሚያወጣውን በ1000 የገዛ ሰው ታክስ ከሚከፍልበት ገቢ ላይ መቀነስ የሚችለው 600ውን ብቻ ነው፣ ክፍያው ከ75 ዶላር ካለፈም ይህን በጽሑፍ መንገር ግዴታችሁ ነው። ሎተሪ ካሰባችሁ ብዙ ስቴቶች ፈቃድ ይጠይቃሉ፣ አስቀድማችሁ አጣሩ። የቀረውን አካውንታንት ይንገራችሁ።

አደራ የምልሽ አንድ ነገር ነው። ልጆቹን መድረክ ላይ አታቁሟቸው። ሕመሙን ለአገር ቤት ዘመድ እንኳ ያልተናገሩ ቤተሰቦች አሉ። በማግስቱ ፎቶው ቲክቶክ ላይ ነው። የሐኪም ደብዳቤውን አንድ ሰው ብቻ ይየው፣ ይቆልፍበት። ማመልከቻው ላይም «ስቃይህን ተርክ» አትበሉ፤ ምን መማር እንደሚፈልግና ምን እንደጎደለው ጠይቁት። ራሱ ልናገር ካለ ይናገር፣ ግን እራቱ ቀን ጠዋት እንደገና ጠይቁት። ሐሳቡን ከቀየረ ማንም ለምን አይበለው።

የእራቱ ቀን ሲቆረጥ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። የእኛን የማመልከቻ ቅጽና ለአትሌት ማኔጀሮች የምንጽፈውን ደብዳቤ እልክልሻለሁ። አጫራች ካጣችሁም አንድ ጎበዝ ሰው አውቃለሁ።