ሙዚየም ገብተው ቶሎ የሚሰለቹ ልጆች

ጥያቄ፦ የ4 ዓመት ሴት ልጅና የ9 ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ወስጃቸው ነበር። ሩብ ሰዓት ሳይሞላን ትንሿ «እቀፊኝ» አለች፤ ትልቁም «መቼ ነው የምንወጣው?» እያለ አስጨነቀኝ። ስድስት ኪሎ ወዳለው የባህል ሙዚየም ልወስዳቸው አስቤ ፈራሁ። ምን ባደርግ ይሻላል?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህታችን፣ ልጆችዎ ሙዚየም ጠልተው አይመስለንም። ልጅን የሚያደክመው ከበሩ ጀምሮ በየመስታወቱ ፊት ቆሞ ጽሑፍ ሲነበብለት መስማት ነው። ለትንሿ 40 ደቂቃና ሦስት ዕቃ ይበቃታል፣ ለትልቁ ስድስት ሰባት። የቀረውን ሌላ ቀን ታዩታላችሁ።

ብሔራዊ ሙዚየም ስትመለሱ በድንቅነሽ ጀምሩ፤ ዝግጅቱ ግን ቤት ነው። ግድግዳ ላይ 1 ሜትር ከ10 ለክተው በእርሳስ ያስምሩና ልጆቹን አጠገቡ ያቁሟቸው። ድንቅነሽ ከዚያ አትበልጥም ነበር። ኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር ሐዳር ላይ የተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ባለዕድሜ ናት ቢሏቸው ቁጥሩ አይጨበጥላቸውም፤ «እኔን ታክላለች» የሚለው ግን ወዲያው ይገባቸዋል። ለእይታ የቀረበው ቅጂ እንደሆነና እውነተኛው አጥንት ተቆልፎ እንደሚጠበቅ ለትልቁ በግልጽ ይንገሩት። ከአጽሟ የተገኘው 40 በመቶ ገደማ ነውና የጎደለውን እሱ ይፈልግ። ለትንሿ ደግሞ ዲኪካ የተገኘችውን የሕፃን ቅሪተ አካል፣ ሰላም የተባለችውን ያሳይዋት፤ ስትሞት ዕድሜዋ 3 ዓመት ገደማ ነበር።

ስድስት ኪሎን በሌላ ቅዳሜ ያድርጉት፤ ሁለቱን በአንድ ቀን መደረብ ሁለቱንም ያበላሻል። የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው ይህ ሙዚየም የባህል ዕቃዎቹን በሰው ዕድሜ ቅደም ተከተል ነው የሚያሳየው፦ ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞት። ከልጅነት ይጀምሩ፣ ትንሿን ይዘው የሞቱን ክፍል ይለፉት። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሙዚቃ መሣሪያዎቹ ይሂዱ። ዋዜማውን ቤት ውስጥ የመሰንቆና የበገና ድምፅ ካሰሟቸው፣ እዚያ ሲደርሱ የሚያውቁትን ነገር ይፈልጋሉ። አውታር ያስቆጥሯቸው፦ መሰንቆ 1፣ ክራር 5 ወይም 6፣ በገና 10። በገና እንደ ንብ የሚያጉረመርመው በአውታሩና አውታሩን ደግፎ በሚይዘው ብርኩማ መካከል በምትገባው እንዝራ በምትባል የቆዳ ቁራጭ ነው፤ ለ9 ዓመት ልጅ ከዚህ የተሻለ እንቆቅልሽ የለም።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ዘንድ «አንድ ዓይን ብቻ የሚታየው ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። በጥንቱ የአሳሳል ወግ ጻድቃን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት ይሳላሉ፤ ክፉዎች ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ይህን ያወቀ ልጅ ሥዕሉን ራሱ ማንበብ ይጀምራል።

ቁጢጥ ብለው በትንሿ ልጅዎ ዓይን ከፍታ ይመልከቱ፤ ለእርስዎ ጥርት ብሎ የሚታየው ለእሷ የመብራት ነጸብራቅ ብቻ ሊሆን ይችላል። ለመሳል እርሳስ እንጂ እስክሪብቶ አይያዙ፤ ቀለም ብራና ላይ ከነካ አይለቅም። «አትንኩ» ሲሉም ምክንያቱን ይጨምሩ፦ የእጅ ላብና ቅባት ብረትንና ብራናን ይጎዳል።

ስትወጡ ውጭ የቆመውን የትም የማያደርስ ደረጃ ያስቆጥሯቸው። ጣሊያኖች ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን እያሉ የሠሩት ነው። ጫፉ ላይ ያለውን ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ማን እንዳስቀመጠው ትልቁ ልጅዎ መጠየቁ አይቀርም።