ሽምግልናው እስኪያልቅ ሦስት ወሩ እንዳያልፍ

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ የፋሲካ ሰሞን በዱላ መታኝ፤ የግራ እጄ ጣቶች እስካሁን በደንብ አይታጠፉም። ፖሊስ ጋ ልሄድ ስል ሽማግሌዎች ገብተው «ሰኔ ይውጣና ረጋ ብለን እናየዋለን» አሉ። አሁን ሰኔ ሊያልቅ ነው፤ እኔ መፋታት ፈልጌያለሁ። ቤቱ በእሱ ስም ነው። ምን ይደርሰኛል? ልጆቹስ?

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝን በአጭሩ ልመልስና ወዳልጠየቁኝ ልለፍ። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ይገመታል፤ «የግሌ ነው» የሚለው ወገን ያስረዳል። የልጆቹን ጉዳይ ፍርድ ቤቱ የሚወስነው ዕድሜያቸውንና ጥቅማቸውን፣ የሁለታችሁንም ገቢ፣ ጤናና አኗኗር አይቶ ነው። የፍቺ ማመልከቻ እንደቀረበ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆች አያያዝና ስለ ንብረት ጊዜያዊ ትእዛዝ ይሰጣል። ይህ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው፤ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ነው። የት እንደሚኖሩ አልነገሩኝም። ክልል ከሆኑ የክልሉን የቤተሰብ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ያማክሩ።

አሁን ወደተዉት ልምጣ። ጣቶችዎ እንደማይታጠፉ ጽፈው ሐኪም ቤት ስለመሄድዎ አንድም ቃል የለም። ከዚያ በፊት መታዎት እንደሆነም አልነገሩኝም። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ቤቱ በማን ስም መሆኑ ሳይሆን ቀኑ ነው።

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም ያለ ጋብቻ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚደርስ ድብደባ እንደማንኛውም የአካል ጉዳት እንዲያስቀጣ ይደነግጋል። «የቤት ጉዳይ ነው» የሚል መከላከያ የለም። ሆኖም ቀላል የአካል ጉዳትና የእጅ እልፊት (የአካል ጉዳት ያላደረሰ ምት) በአብዛኛው የሚያስከስሱት ተበዳይዋ የግል አቤቱታ ስታቀርብ ነው፤ ለዚህም ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀችበት ቀን ጀምሮ ያላት ጊዜ ሦስት ወር ነው። ሽምግልና መያዝ ይህን ቀን አያቆመውም። ከፋሲካ ጀምረው ይቁጠሩ፤ የቀረዎት ጥቂት ቀን ነው።

ብዙ ደንበኞቼ የወደቁት እዚሁ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ ክፉ አስበው ነው አልልም፤ ትዳር እንዳይፈርስ ይለፋሉ። ግን «ጾሙ ይለፍ»፣ «ልጆቹ ፈተና ይጨርሱ» ሲባባል ወሩ ይሞላል። በአራተኛው ወር ፖሊስ ጣቢያ ስትደርስ የሚጠብቃት «ለምን ቆየሽ?» የሚል ጥያቄ ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ «ታርቀናል፣ አቤቱታ የለኝም» የሚል ወረቀት መፈረም ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት ካቀረቡልዎት ጠበቃ ሳያሳዩ አይፈርሙ። ሽምግልናውን እምቢ ይበሉ እያልኩ አይደለም፤ ከፈለጉ አቤቱታዎን ካስመዘገቡ በኋላ ይቀጥል።

ሌላም አለ። የጣቶችዎ ጉዳት ዘላቂ ከሆነ ነገሩ ከባድ የአካል ጉዳት ሊባል ይችላል፤ ያኔ አቤቱታዎ ባይኖርም ዐቃቤ ሕግ ይከሳል፣ ቅጣቱም ይከብዳል። ይህን የሚለየው የሐኪም ማስረጃ ነው። ፖሊስ ለሆስፒታል ደብዳቤ ይጽፍልዎታል፤ ያለ ደብዳቤም ቢሆን ዛሬውኑ ታይተው ካርድዎ ላይ ያስጽፉ። ግን «ከባድ ይባልልኛል» ብለው ሦስቱን ወር እንዳያሳልፉ፣ አደራ።

አቤቱታ ካቀረቡ በኋላ እዚያው ቤት ማደሩ ያሰጋኛል። ቤቱን ለቅቀው ቢወጡ ከንብረቱ ድርሻዎን አያጡም፤ ይህን ፍርሃት ከልብዎ ያውጡ። ፖሊስ ጣቢያ የሴቶችና ሕፃናት ክፍሉን ይጠይቁ። አዲስ አበባ ከሆኑ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ለተጎዱ ሴቶችና ለልጆቻቸው መጠለያ አለው። ለጠበቃ አቅም ካነሰዎት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነፃ ያማክራል።

የጋብቻና የልደት ማስረጃዎችን፣ የቤቱን ካርታ ቅጂ፣ የዛቻ መልእክት ካለም እሱን ሰብስበው ከሚያምኑት ዘመድ ዘንድ ያስቀምጡ። ስልክዎን እሱ የሚከፍት ከሆነ ይህንን ምላሽ አንብበው ያጥፉት። እኔ የጻፍኩት ከደብዳቤዎ ተነስቼ ነው፤ ሰነድዎን ያየ ጠበቃ ከእኔ የተለየ ሊነግርዎት ይችላልና ይዘው ይሂዱ። ፖሊስ ጣቢያው ግን ነገ ጠዋት ይቅደም።